በስምንት ቁጥሮች የተያዘ አዙሪት

ዓፄ ቴዎድሮስ ዘውድ በጫኑ በሦስተኛው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1858፣ ኸርማን ፎን ሄልምሆልትዝ የተባለ ጀርመናዊ ስለ አዙሪት አንድ ጽሑፍ አሳተመ። ሰውየው በትምህርቱ ሐኪም ነው፤ የዓይን ሐኪሞች የዓይንን ውስጥ የሚያዩበትን መሣሪያ የፈለሰፈው እሱ ነው። በዚህ ጽሑፉ ያነሳው ጥያቄ ግን ሌላ ነበር፤ የሚዞር ውሃ ለየትኛው ሕግ ይገዛል? ነገሩን ለማቅለል ውሃው እርስ በርሱ እንደማይፋተግ ቆጥሮ አሰላው። ያገኘው ውጤት ዛሬም ይሠራል። አዙሪት በውሃው መካከል ተቆርጦ አይቀርም፤ ወይ ጫፍና ጫፉ ገጥሞ ቀለበት ይሆናል፣ ወይ ከውሃው ዳርቻ ይደርሳል። ብርታቱ አይጨምርም፣ አይቀንስም። ውሃው በሄደበትም አብሮ ይሄዳል።

ይህ ለምን ትልቅ ነገር ሆነ ቢባል፣ የሚዞርን ውሃ እያንዳንዷን ጠብታ ተከትሎ ማስላት አይቻልም። አዙሪት ብርታቱን ጠብቆ የሚጓዝ ከሆነ ግን ጠብታዎቹን ትቶ አዙሪቶቹን ብቻ መቁጠር ይቻላል። እኩል ብርታት ያላቸው ሁለት አዙሪቶች በተቃራኒ አቅጣጫ ቢዞሩ ጎን ለጎን ሆነው ቀጥ ብለው ይጓዛሉ፤ በአንድ አቅጣጫ ቢዞሩ እርስ በርስ ይዟዟራሉ። ይህን ለማወቅ ወረቀትና እርሳስ ይበቃል። ብዙ ውሃ በጥቂት ነጥብ ይተካል። ይህ ሐሳብ ከጀርመን ተነስቶ አባይ ላይ እስኪደርስ ከመቶ ዓመት በላይ ፈጀበት።

አባይ ጢስ አባይ ላይ ከወደቀ በኋላ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ይወርድና ጎጃምን እየዞረ ደቡብ ወሎን በምዕራብ በኩል ያዋስናል። መካነ ሰላም ከተማ የምትገኝበት የቦረና ደጋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር ይበልጣል። ማዶው ምሥራቅ ጎጃም ነው፤ በመካከሉ የአባይ በረሃ አለ። ከሳይንት በስተሰሜን በሽሎ፣ ከዚያ ወረድ ብሎ ወለቃ፣ ከዚያም ጃማ እየተከታተሉ አባይን ይቀላቀላሉ። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ከሚለው ከአምባ ፈሪት ግርጌ እስከ ደንቆሮ ጫካ ድረስ በለጋምቦ፣ በሳይንት፣ በቦረና፣ በወግዲና በከላላ ደጋ ላይ የሚዘንበው ክረምት በእነዚህ ወንዞች ይወርዳል። አባይ በዓመት ሱዳን ድንበር ላይ ከሚያደርሰው ወደ 49 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ አብዛኛው የሚፈሰው በክረምቱ ወራትና ወዲያው በሚከተሉት ሳምንታት ነው። በበጋ ወንዙ ይሟሽሻል። ይህን ልብ እንበል፤ በኋላ ስለ ማሽን ስናወራ ይመለስብናል።

የበሽሎን ገደል ዓለም ያወቀው በጦርነት ነው። ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ በሰው ጉልበት እያስጎተቱ ከደብረ ታቦር ተነሱ፤ በየገደሉ መንገድ እያስቆረጡ፣ የጅዳንና የበሽሎን ሸለቆ እያቋረጡ መቅደላ ደረሱ። ያ መድፍ ደብረ ታቦርን ከመልቀቁ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በየካቲት 1867፣ በስኮትላንድ ኤድንብራ ከተማ ዊልያም ቶምሰን (በኋላ ሎርድ ኬልቪን የተባለው) በምሁራን ጉባኤ ፊት ቆሞ አንድ ደፋር ሐሳብ አቀረበ። ወዳጁ ፒተር ቴት የጭስ ቀለበት እየሠራ ሲያሳየው፣ ቀለበቶቹ ተጋጭተው ሳይጠፉ ሲርገፈገፉ አይቶ፣ የቁስ አካል ሁሉ ቅንጣት የአዙሪት ቀለበት ነው አለ። ሐሳቡ ጊዜ ወስዶ ወደቀ። ሂሳቡ ግን ተረፈ፤ ቶምሰን እ.ኤ.አ. በ1869 ያወጣው የዙረት ሕግ አሁንም በየምህንድስና ኮሌጁ ይማሩታል። ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ሞቱ። በሽሎም መውረዱን ቀጠለ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ዘመን ዘልዬ እ.ኤ.አ. ወደ 1911 እሄዳለሁ። በጀርመን ጎቲንገን ዩኒቨርሲቲ ካርል ሂመንዝ የተባለ የሉድቪግ ፕራንትል ተማሪ በውሃ ቦይ ውስጥ ድቡልቡል ዘንግ አቁሞ በዙሪያው ያለውን ግፊት ይለካል። ውሃው አልረጋ አለው። ከዘንጉ በስተጀርባ አንዴ ወደ ቀኝ አንዴ ወደ ግራ ይወዛወዛል። ዘንጉ በደንብ አልተድቦለቦለም ተባለና አሳምሮ አለሰለሰው፤ ውዝዋዜው አልቆመም። ቦዩ ሚዛኑን አልጠበቀም ተባለና አስተካከለው፤ አሁንም አልቆመም። በዚያው ቤት በረዳትነት ይሠራ የነበረው የሃንጋሪው ተወላጅ ቴዎዶር ፎን ካርማን በየጠዋቱ ብቅ እያለ ዛሬስ ረጋ ወይ ብሎ ይጠይቀው ነበር። መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው። ካርማን በመጨረሻ ጥፋቱ የዘንጉም የቦዩም እንዳልሆነ፣ ውዝዋዜው የፍሰቱ የራሱ ጠባይ ሊሆን እንደሚችል ጠርጥሮ በአንድ የዕረፍት ቀን ቁጭ ብሎ አሰላው።

ስሌቱን ቀረብ ብሎ ማየት ይገባል። ካርማን ሁለት ረጃጅም የአዙሪት ረድፎች አሰበ። የላይኛው ረድፍ አዙሪቶች በአንድ አቅጣጫ፣ የታችኛው በተቃራኒው ይዞራሉ፤ ብርታታቸው እኩል ነው። ፊት ለፊት ቢደረደሩ ጥቂት ሲነኩ ይበተናሉ። የአንዱ ረድፍ አዙሪት በሌላው ክፍተት ትይዩ እንዲሆን ቢሰባጠሩም አብዛኛውን ጊዜ ይበተናሉ፤ በረድፎቹ መካከል ያለው ስፋት በአንድ ረድፍ ውስጥ ካሉት አዙሪቶች ርቀት 0.281 እጥፍ ሲሆን ብቻ ይጸናሉ። ቦዩ ውስጥ የሚታየውም ከዚህ ጋር ይቀራረባል። በጣም የሚያስገርመኝ ካርማን የተወው ነገር ብዛት ነው። የውሃውን ፍትጊያ ተወ። የቦዩን ግድግዳ ተወ። ዘንጉን እንኳ ተወው፤ በስሌቱ ውስጥ ዘንግ የለም። ሂመንዝ አሳምሮ ያለሰለሰው ዕቃ ለመልሱ አላስፈለገም። ከዚያ ቀን በኋላ የማይረጋን ፍሰት የሚያጠና ሰው የመጀመሪያ ጥያቄው ምን ልጨምር ሳይሆን የቱን ብተወው ነገሩ አይጠፋም የሚል ሆነ።

እ.ኤ.አ. 1940 ለዚህ ዕውቀት ከባድ ዓመት ነበር። በኅዳር ወር በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት የታኮማ ድልድይ በነፋስ ተጠማዞ ወደቀ፤ ምርመራውን ካካሄዱት ሦስት ባለሙያዎች አንዱ ይኸው ካርማን ነበር። ስለ ድልድዩ ብዙ ተጽፏል። ለአባይ የሚቀርበው ግን በዚያው ዓመት የወጣ፣ ከመሐንዲሶች በቀር ብዙ ሰው የማያውቀው ሌላ ጽሑፍ ነው። ጸሐፊው ደብሊው ጄ. ራይንጋንስ ተርባይን በሚሠራው በአሊስ ቻልመርስ ኩባንያ መሐንዲስ ነበር። በውሃ ኃይል ጣቢያዎች የኃይል መለኪያው ቀስት ያለ ምክንያት ወዲያና ወዲህ ሲል ኦፕሬተሮች ይቸገሩ ነበር። ውሃው አልተለወጠም፣ ጭነቱ አልተለወጠም፣ ኃይሉ ግን ከፍ ዝቅ ይላል። ራይንጋንስ የውዝዋዜውን ድግግሞሽ ቢያሰላው የማሽኑ የመዞሪያ ፍጥነት ለ3.6 ሲካፈል የሚገኘው ሆነ። ለምሳሌ በደቂቃ 120 ጊዜ የሚዞር ማሽን በሴኮንድ 2 ጊዜ ዞረ ማለት ነው፤ ውዝዋዜው በየ1.8 ሴኮንዱ ይመላለሳል።

ምክንያቱን ለመረዳት ከተርባይኑ ሥር መውረድ ያስፈልጋል። በአባይ፣ በተከዜና በኦሞ ግድቦች ያለው የተርባይን ዓይነት ፍራንሲስ ይባላል፤ ጄምስ ፍራንሲስ የተባለ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ መጨረሻ በአሜሪካ ሎዌል ከተማ ያሻሻለው ነው። ውሃው በአሸንዳ ወርዶ በዙሪያው ባሉ ተንቀሳቃሽ መሪ ክንፎች በኩል ይገባና ዟሪውን አካል አሽከርክሮ በመካከሉ ወደ ታች ይወጣል። ከዟሪው ሥር እየሰፋ የሚሄድ፣ ባለሙያዎቹ ድራፍት ቲዩብ የሚሉት ትልቅ የመውጫ ቱቦ አለ። ማሽኑ በተሠራለት ልክ ሲሠራ ውሃው ሽክርክሪቱን ለዟሪው አስረክቦ ቀጥ ብሎ ይወጣል። ጭነቱ ሲቀንስ መሪ ክንፎቹ ይጠባሉ፣ ውሃው ያንሳል፤ በዚያን ጊዜ ሽክርክሪቱን ሙሉ በሙሉ ሳያስረክብ በዟሪው አቅጣጫ እየዞረ ይወርዳል። ዙሪያው ይፈጥናል፣ መሐሉ ይቆማል፤ አንዳንዴም ወደ ላይ ይመለሳል። ያን ጊዜ በፈጣኑና በቆመው ውሃ መካከል ያለው አዙሪት፣ እጥብ ጋቢ ለሁለት ይዘው ሲጠመዝዙት በመጨረሻ መሐሉ እንደሚተጣጠፈው፣ ቀጥ ብሎ መቆም ያቅተውና ይጠመዘዛል። በውስጡ ያለው ግፊት በጣም ስለሚወርድ ውሃው ወደ እንፋሎት ይለወጣል። በመስታወት ቱቦ ከታየ የሚዞር ነጭ ገመድ ነው፤ መሐንዲሶቹም የአዙሪት ገመድ ይሉታል። ገመዱ በዞረ ቁጥር የቱቦውን ግድግዳ ይመታል፤ ግፊቱም ወደ ላይ ወጥቶ በዟሪው፣ በአሸንዳውና በጄኔሬተሩ አልፎ እስከ ኤሌክትሪክ መስመሩ ይደርሳል።

አባይ ወደዚህ ታሪክ የገባው በ1949 ዓ.ም. ነው። ግብፅ የአስዋንን ከፍተኛ ግድብ ለመሥራት ትጣደፋለች፤ ከሱዳንም ጋር እ.ኤ.አ. በ1959 የፈረመችው ስምምነት ውሃውን ለሁለቱ አገሮች አካፍሎ ኢትዮጵያን ሳይጠራ ቀረ። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መንግሥት በበኩሉ ከአሜሪካ ጋር ተዋውሎ የአባይን ተፋሰስ ማስጠናት ጀመረ። ሥራውን የያዘው የአሜሪካ የመልሶ ልማት ቢሮ ነው፤ ሁቨርንና ግራንድ ኩሊን የመሳሰሉ ግድቦች የሠራ መሥሪያ ቤት። ጥናቱ እ.ኤ.አ. ከ1958 ጀምሮ ዓመታት ፈጀ። መንገድ በማያስገባው በረሃ ውሃ ተለካ፣ ካርታ ተነሳ፣ ድንጋይ ተመረመረ። እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣው ሪፖርት 17 ቅጽ ነበር። በዋናው ወንዝ ላይ ካራዶቢ፣ ማቢል፣ መንዳያና ቦርደር የተባሉ አራት ትልልቅ ግድቦች ሐሳብ አቀረበ። የመጨረሻው ከሱዳን ድንበር አቅራቢያ ነው።

ሪፖርቱ በመደርደሪያ ላይ ተቀመጠ። ገንዘቡ አልተገኘም፤ ኋላም አብዮቱ መጣ። ረሃብ በ1965 ዓ.ም. ወሎን ሲመታ የአባይ ውሃ አሁንም በገደሉ ሥር በከንቱ ያልፍ ነበር። ይህን በቁጭት እጽፈዋለሁ፤ ሌላ ቃል የለኝም።

በዚያው ዘመን ወንዙን በአካል የሞከሩት ደግሞ ጀልባ የያዙ ሰዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1968 ክረምት መጨረሻ በካፒቴን ጆን ብላሽፎርድ ስኔል የተመራ የእንግሊዝ ጦር የጉዞ ቡድን በንጉሠ ነገሥቱ ፈቃድ በአባይ ገደል ወረደ። አንዱ የጉዞው ክፍል ከጢስ አባይ በታች ተነስቶ እስከ ጎሃ ጽዮንና ደጀን መካከል እስካለው ድልድይ ድረስ የበሽሎንና የወለቃን መግቢያ አልፎ በቦረና ደጋ ሥር የሚሄድ ነበር። በአየር የሚነፉ የጎማ ጀልባዎች አዙሪቱ ይገለብጣቸዋል፣ ሽፍታ ይተኩስባቸዋል። አንድ የቡድኑ አባል ገባር ወንዝ ሲሻገር ሰጥሞ ሞተ። ውሃው በክረምት ጉልበቱ ምን ያህል እንደሆነ በወረቀት ያልተጻፈውን እነዚህ ሰዎች በቆዳቸው አወቁት።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1970፣ አባይን ያጠናው ያው መሥሪያ ቤት ስለ አዙሪት ገመድ አንድ ነገር አወጣ። ጸሐፊዎቹ ጆን ካሲዲና ኸንሪ ፋልቪ ናቸው፤ ፋልቪ በዴንቨር ባለው የቢሮው የምርምር ማዕከል የሚሠራ መሐንዲስ ነው። ሁለቱ ተርባይን አላቆሙም። ግድብም አልነበራቸውም። ያላቸው ቱቦና በመግቢያው ዙሪያ የተደረደሩ፣ አቅጣጫቸው የሚስተካከል ክንፎች ነው። ክንፎቹን ሲያጋድሏቸው በቱቦው የሚያልፈው ፍሰት ይሽከረከራል፤ ይበልጥ ሲያጋድሏቸው በአንድ ልክ ላይ መሐሉ ይሰበርና ጠምዛዛው ገመድ ይፈጠራል። የግፊቱን ውዝዋዜና ድግግሞሹን ለኩ። ያገኙት ነገር ይህ ነው፤ ፍሰቱ በቂ ፍጥነት ካለው ፈሳሹ ምንም ይሁን ፍትጊያው ቦታ የለውም። ወሳኙ ሽክርክሪቱ የያዘው ጉልበት ወደፊት ከሚገፋው ጉልበት ጋር ያለው ንጽጽር ነው። አንድ ቁጥር ብቻ። ያ ቁጥር ከአንድ ልክ በታች ከሆነ ገመድ የለም፤ ከዚያ ሲያልፍ አለ። ለአንድ ተርባይን መሪ ክንፎች አቀማመጥና ለውሃው መጠን ይህን ቁጥር ማስላት ከተቻለ ማሽኑ በየትኛው ጭነት እንደሚታወክ ሳይገጠም ይታወቃል።

ካሲዲና ፋልቪ የቱን አስወግደው የቱን እንደያዙ ሳይ የካርማን ልጆች እንደሆኑ ይሰማኛል። የፈለጉት ገመዱን እያንዳንዷን ጥምዝ መሳል አልነበረም። ኦፕሬተሩ የትኛውን የጭነት ክልል ይሽሽ? ይህን መመለስ ነው የፈለጉት፤ መለሱትም።

የሚቀጥሉትን ሠላሳ ዓመታት በአጭሩ ላልፋቸው። ኮምፒውተር መጣ፣ ስሌቱ ከቀን ቀን ከበደ፤ ገመዱን በሚሊዮን በሚቆጠሩ ነጥቦች ማሳየት ተቻለ። ማየትና መቆጣጠር ግን አንድ አይደለም፤ ለአንድ ማሽን ለአንድ ጭነት ቀናት የሚፈጅ ስሌት ኦፕሬተሩን አይረዳውም። ጣቢያዎቹ በልማዳዊው መድኃኒት ቀጠሉ፤ በዟሪው መሐል አየር ያስገባሉ፣ በቱቦው ግድግዳ ላይ ክንፍ ይበይዳሉ፣ የዟሪውን ጫፍ ያስረዝማሉ። አንዱ ጋ የሠራው ሌላው ጋ አይሠራም።

መንገዱን የመለሱት የሩማንያ ሰዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2006 በቲሚሾአራ ፖሊቴክኒክ የሚያስተምረው ሮሜዮ ሱሳን ረሲጋ ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር፣ በስዊዘርላንድ ሎዛን በሞዴል ተርባይን ላይ የተለካውን መረጃ ይዞ አንድ ጥያቄ ጠየቀ። ከዟሪው ሥር የሚወጣው ውሃ ስንት አዙሪት ነው? መልሱ ሦስት ሆነ። አንደኛው እንደ ጠንካራ አካል ወጥ ሆኖ የሚዞር ነው። ሁለተኛውና ሦስተኛው በዚያ ላይ የተደረቡ፣ አንዱ ሰፊ አንዱ ጠባብ፣ አንዱ ከመጀመሪያው ጋር አንዱ በተቃራኒው የሚዞሩ ናቸው። ሦስቱን ለመግለጽ የሚያስፈልገው ስምንት ቁጥር ነው፤ ሦስት የመዞሪያ ፍጥነት፣ ሦስት የመውረጃ ፍጥነት፣ ሁለት ስፋት። ውሃው ሲጨምር ወይም ሲቀንስ ስምንቱ ቁጥሮች በሥርዓት ይለዋወጣሉ፤ ስለዚህ ባልተለካ ጭነት ላይ እንኳ መገመት ይቻላል። በዚህ ሞዴል ፍሰቱ መቼ ጠባዩን እንደሚለውጥ ቢሰላ፣ ውጤቱ ሞዴሉ ላይ የመውጫ ቱቦው ብቃት በድንገት ከወደቀበት ቦታ ጋር ገጠመ።

በዚያው ዓመት መድኃኒቱንም አመጡ። ገመዱ የሚመገበው በመሐሉ ከቆመው ውሃ ነው። እንግዲያ መሐሉ እንዳይቆም ማድረግ ነው፤ በዟሪው መሐል አልፎ በቱቦው ዘንግ ላይ ቀጥ ብሎ የሚወርድ የውሃ ጅረት ቢረጭ የቆመው ይነቃል፣ ገመዱም ይጠፋል። ችግሩ የሚረጨው ውሃ መብዛቱ ነው፤ ሥራ ሳይሠራ የሚያልፍ ውሃ ኪሳራ ነው። ስለዚህ በሚቀጥሉት ዓመታት ጅረቱን ከቱቦው ግርጌ፣ ከግድግዳው አጠገብ ግፊቱ ከፍ ካለበት ወስደው ወደ ላይ የሚመልሱበትን መንገድ ሠሩ። በዟሪው ያለፈው ውሃ ራሱ መድኃኒት ይሆናል ማለት ነው።

ይህ ሁሉ የምሁር ጨዋታ አለመሆኑን ሳይቤርያ አሳየች። ነሐሴ 11 ቀን 2001 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ነሐሴ 17 ቀን 2009) በየኒሴይ ወንዝ ላይ ባለው በሳያኖ ሹሸንስካያ ጣቢያ የሁለተኛው ተርባይን ክዳን ተነቅሎ ውሃው ቤቱን አጥለቀለቀው። 75 ሰዎች ሞቱ። ክዳኑን ያሰሩት ብሎኖች በንዝረት ብዛት ውስጥ ውስጡን ተሰንጥቀው ነበር። ማሽኑ የመስመሩን ጭነት ለማስተካከል ሲወጣና ሲወርድ፣ እንዳይሠራበት የተመከረውን የጭነት ክልል ደጋግሞ ያቋርጥ ነበር። የቁጥጥር ጥያቄ የሰው ነፍስ ጥያቄ መሆኑ በዚያ ቀን ታየ።

ሦስት ወር ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ኢትዮጵያ በኅዳር 2002 ዓ.ም. ተከዜን መረቀች፤ አራት ፍራንሲስ ተርባይኖች፣ 300 ሜጋ ዋት። በዚያው ዓመት ግንቦት ጣና በለስ ተከተለ፤ ይህም አራት ፍራንሲስ፣ 460 ሜጋ ዋት። ኋላም ጊቤ ሦስት በአሥር ማሽን 1,870 ሜጋ ዋት ጨመረ። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ደግሞ ጉባ ላይ የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ መሠረት ተጣለ፤ ያ እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣው ሪፖርት ቦርደር ባለው አካባቢ። በወሎ ገበሬው፣ ተማሪው፣ አስተማሪው ቦንድ ገዛ። ሥራውን ከመጀመሪያው የመሩት ኢንጂነር ስመኘው በቀለ በሐምሌ 2010 ዓ.ም. ሕይወታቸው አለፈ፤ ፍጻሜውን አላዩም።

የካቲት 13 ቀን 2014 ዓ.ም. የመጀመሪያው ማሽን ኃይል ሰጠ። ያን ጊዜ ሐይቁ ሊሞላ ገና ብዙ አሥር ሜትሮች ይቀሩት ነበር፤ ቀድመው የጀመሩት ሁለቱ 375 ሜጋ ዋት ማሽኖች ለዝቅተኛ የውሃ ከፍታ ታስበው የተሠሩ ናቸው። ይህ ለእኛ ታሪክ ዋና ነገር ነው፤ የውሃው ከፍታ ሲለወጥ ከዟሪው የሚወጣው ሽክርክሪትም ይለወጣል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ግድቡ ሲመረቅ 13 ማሽኖች፣ 5,150 ሜጋ ዋት፣ 145 ሜትር ቁመት፣ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ የሚይዝ ሐይቅ ሆኖ ነው።

አሁን የቀረው የየዕለቱ ሥራ ነው። አገሪቱ ማታ አምፖል ስታበራ ጭነቱ ይወጣል፤ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ይወርዳል። በአንድ ሌሊት መስመሩ ከግድቡ 1,600 ሜጋ ዋት ይፈልጋል እንበል። ስምንት ማሽኖች እያንዳንዳቸው 200 ሜጋ ዋት ቢሰጡ ይሞላል፤ ለ400 ሜጋ ዋት ለተሠራ ማሽን ያ እኩሌታ ጭነት ነው፤ ገመዱ የሚነግሥበት ክልል። አምስት ማሽኖች እያንዳንዳቸው 320 ሜጋ ዋት ቢሰጡና ሦስቱ ቢያርፉም ይሞላል፤ ይኼኛው ውሃው ቀጥ ብሎ ወደሚወጣበት ልክ የቀረበ ነው። ኃይሉ አንድ ነው፤ በመውጫ ቱቦው ውስጥ ያለው ግን የተለያየ ነው። ሐይቁ በክረምት ሲሞላና በበጋ ሲጎድል የተከለከለው ክልል ስለሚንሸራተት፣ ኦፕሬተሩ የሚሸሸውን ጭነት የሚያሳየው ሰንጠረዥ ከወቅት ወቅት መታየት አለበት።

በሌላው ዓለም ይህን ሰንጠረዥ ሕይወት ወደሚሰጡበት ደረጃ እየሄዱ ነው። በካሊፎርኒያ የጄፍ ኤልድሬጅና የቲም ኮሎኒየስ ቡድኖች እ.ኤ.አ. በ2018 በአውሮፕላን ክንፍ ላይ እንዳሳዩት፣ በጥቂት አዙሪቶች የተሠራ ቀላል ሞዴል በክንፉ ላይ ካሉ የግፊት መለኪያዎች በየቅጽበቱ መረጃ እየተቀበለ ስህተቱን ራሱ ማረም ይችላል። ሞዴሉ ብቻውን ይሳሳታል፣ መለኪያው ብቻውን ዕውር ነው፤ ሁለቱ ሲገናኙ ግን ፍሰቱን ይከተሉታል። ለተርባይን የመውጫ ቱቦም መንገዱ ይኸው ነው።

መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ በመካነ ሰላም ግቢ አለው። ስምንት ቁጥሮች ያሉት ሞዴል በተራ ላፕቶፕ ላይ ይሠራል፤ ሱፐር ኮምፒውተር አይጠይቅም። የካሲዲና የፋልቪ ቱቦም በአንድ ወርክሾፕ ሊሠራ ይችላል፤ ግልጽ ፕላስቲክ ቱቦ፣ የውሃ ፓምፕ፣ የሚስተካከሉ ክንፎችና የግፊት መለኪያ ነው። የሚያስፈልገው ሌላው ነገር ከማሽኖቹ የተለካ ግፊት ነው፤ እሱን የያዘው ጣቢያው ነው። ከተከዜ፣ ከበለስ፣ ከኦሞና ከአባይ የሚሰበሰበው የግፊት መዝገብ ለዩኒቨርሲቲዎቻችን ክፍት እንዲሆን እፈልጋለሁ፤ በመካነ ሰላም ግቢ ያለ የሦስተኛ ዓመት የምህንድስና ተማሪ ሦስቱን አዙሪቶች ከእኛው ማሽን በተገኘ ቁጥር እንዲያሰላ፣ የመጀመሪያውንም ሰንጠረዥ እንዲያወጣ።